ቴፍሎኑን በገዛ ጭኑ ውስጥ የቀበረው ሐኪም

የጁምዓ ቀን መስጂድ ስትገቡ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው ዳር ወርወር ብታደርጉ በወንበር ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችን ታያላችሁ። አብዛኞቹ ጉልበታቸው ወይም ዳሌያቸው እምቢ ብሏቸው ነው። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የማቴሪያል ኮርስ ስንወስድ እርስ በርስ የተጠያየቅነው ከእነሱ ተነስተን ነው፦ የተበላ መጋጠሚያ በሰው ሠራሽ ሲተካ ከምን ይሠራል? ስንት ዓመትስ ይቆያል? መልሱን ስንፈልግ በየገጹ የምናገኘው ስም አንድ ሆነብን፤ ጆን ቻርንሊ። በዚህ ዕትም የእሱን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርንሊ ኦገስት 29 ቀን 1911 በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንክሻየር፣ ቤሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የመድኃኒት መደብር የነበረው ፋርማሲስት ነው፤ እናቱም ነርስነት ተምራለች። አካባቢው የጥጥ ፋብሪካ አገር ነው፤ ይህችን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስባታለን። ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1935 ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ የንጉሣዊውን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ፈተና አለፈ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ገባ። ከደንከርክ የተረፉትን ወታደሮች በማሸሹ ሥራ ተካፍሎ ቀጥሎ ወደ ግብፅ ተላከ። ካይሮ ውስጥ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን ከሐኪሞቹ ይልቅ ወደ ወርክሾፑ ሰዎች ሳያደላ አልቀረም፤ ለቁስለኞች የሚሆኑ ድጋፎችንና መሣሪያዎችን እየነደፈ ያሠራ ነበር። ሐኪም ሆኖ የቶርኖ ቤት ሽታ የሚወድ ሰው ብርቅ ነው። ቻርንሊ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያው ቀረ፣ ኋላም ከራሱ ቤት ወርክሾፕ አልጠፋም።

ከጦርነቱ በኋላ ኦስዌስትሪ በሚገኘው የአጥንት ሆስፒታል ሲሠራ አንድ ነገር አሳሰበው። ከአንድ ቦታ ተቆርጦ ሌላ ቦታ የሚተከል አጥንት በሕይወት ይኖራል ወይስ ይሞታል? መልሱን ለማወቅ አንዱን ጓደኛውን ለምኖ ከገዛ ቅልጥሙ ቁራጭ አጥንት አስወጥቶ አስተከለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ሆነ። ቁስሉ መረቀዘ፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ገባ፣ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናም አስፈለገው። ያን ጊዜ በራሱ እግር ያየው መግል ኋላ ስለ ቀዶ ክፍል ንጽሕና ለነበረው ግትርነት አንዱ ምክንያት ይመስለናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

በ1950 ስለ ስብራት አያያዝ የጻፈው መጽሐፍ ስሙን በዓለም አስጠራው። በ1953 ደግሞ ስለ ጉልበትና ሌሎች መጋጠሚያዎች ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ዘመን ክፉኛ ለተበላ ጉልበት የነበረው ዋና መፍትሔ ጨርሶ እንዳይታጠፍ አድርጎ ሁለቱን አጥንቶች እንደ አንድ አጥንት ማያያዝ ነበር። ቻርንሊ አጥንቶቹን በሽቦና በብሎን ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ ሠራ፤ ተጨምቆ የተያዘ አጥንት ቶሎ እንደሚጋጠምም አሳየ። ሕመሙ ይጠፋል። ጉልበቱ ግን እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው በአውቶብስ ወንበር መቀመጥ ይቸግረዋል፤ ሱጁድማ አይታሰብም።

ቻርንሊን ወደ ዋናው ሥራው የወሰደው ግን አንድ ሲጢጥታ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጁዴ የሚባሉ ወንድማማች ሐኪሞች ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ሉል በዳሌ አጥንት ላይ ይተክሉ ነበር። ይህ ሉል የተተከለለት አንድ ሰው ወደ ቻርንሊ መጣ። ሰውየው ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ሲጢጥ ይላል፤ ድምፁ እጅግ ስለሚያስጨንቃት ሚስቱ አብራው ማዕድ መቅረብ አልሆነላትም። ሌላ ሐኪም ስቆ የሚያልፈውን ቻርንሊ ቁም ነገር አደረገው። የሚጮኸው ሰበቃው ከፍተኛ ስለሆነ ነው፤ ሰበቃው ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ እግሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሉሉን ከአጥንቱ እየነቀነቀ ያላላዋል ብሎ አሰበ።

እንግዲህ ጤነኛ መጋጠሚያስ ስንት ሰበቃ አለው? ይህን ለመለካት አዲስ ከተቆረጠ እግር የተገኘ የሰው ጉልበት ወስዶ ሞከረ። አጥንቱን የሚሸፍነው ነጭ ልም አጥንት በበረዶ ላይ ከሚንሸራተት በረዶ ይበልጥ ያሟልጫል። ቻርንሊም ሰው ሠራሹ መጋጠሚያ ራሱ በተፈጥሮው የሚያሟልጭ ካልሆነ የሰውነት ቅባት ብቻውን አያድነውም ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ያኔ በዓለም ከሚታወቁት ጠጣር ነገሮች ሁሉ ሰበቃው ዝቅተኛ የነበረው ቴፍሎን ነው፤ ዛሬ መጥበሻ ላይ የምናውቀው ማለት ነው። በተጨማሪም በሰውነት ውስጥ ምንም የማይነካው፣ ምንንም የማይነካ ይባልለት ነበር። ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

ሥራውን ራይቲንግተን በተባለ፣ ዊጋን ከተማ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ሆስፒታል ተያያዘው። ሆስፒታሉ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚተኙበት ነበር፤ መድኃኒቱ ተገኝቶ አልጋዎቹ ሲለቁ ቦታው ተረፈ። ከማንቸስተር ትልልቅ ሆስፒታሎች ይልቅ ይህን ዳር ያለ ቦታ መምረጡ ለብዙዎች አልገባቸውም። እሱ ግን ከኮሚቴ ርቆ፣ ቀዶ ክፍሉንና ወርክሾፑን ጎን ለጎን አድርጎ መሥራት ፈለገ። በ1958 ሃሪ ክሬቨን የሚባል የእጅ ባለሙያ ተቀጠረለት። ይህን ስም አትርሱት።

እዚህ ላይ ለእኛ ሙያ ሰዎች ጥቂት እንቆይ። ቻርንሊ ሦስት ነገሮችን አገናኘ። አንደኛው የቴፍሎን ጎድጓዳ ነው። ሁለተኛው በጣም ትንሽ የብረት ሉል ነው። ሌሎች የተፈጥሮውን ሉል የሚያህል፣ ከ40 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲተክሉ እሱ እየቀነሰ እየቀነሰ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረሰው። ምክንያቱን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰበቃው የሚፈጥረው የመጠምዘዝ ኃይል በሉሉ ራዲየስ ይባዛል። ራዲየሱ ካነሰ ጎድጓዳውን ከአጥንቱ ለመንቀል የሚታገለው ኃይልም ያንሳል፣ ለፕላስቲኩም ወፈር የሚልበት ቦታ ይተርፋል። ሦስተኛው ከጥርስ ሐኪሞች የተገኘው አክሪሊክ ሲሚንቶ ነው። የማንቸስተሩ የጥርስ ማቴሪያል ባለሙያ ዴኒስ ስሚዝ ነው የመከረው። ሲሚንቶ የተባለው እንደ ሙጫ አይለጥፍም። በብረቱና በአጥንቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞልቶ ክብደቱን ያከፋፍላል፤ ግንበኛ በድንጋይ መካከል ሞልታር እንደሚሞላው።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ለዓመታት በምርኩዝ የተጎተቱ ሰዎች ሕመማቸው በአንድ ቀዶ ጠፍቶ ሄዱ። ሰዎች ጎረፉ። ቻርንሊ ወደ 300 ለሚጠጉ ሕሙማን ቴፍሎን ተከለ።

ከዚያ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሲያልፍ ሕመሙ ተመለሰ። በራጅ ሲታይ የብረቱ ሉል ቴፍሎኑን እየቦረቦረ ጠልቆ ገብቷል። ሲከፈት የባሰው ተገኘ። ከጎድጓዳው የተፋቀው ብናኝ በመጋጠሚያው ዙሪያ አይብ የሚመስል እብጠት ፈጥሮ አጥንቱን ይበላ ነበር። ምንንም አይነካም የተባለው ቁስ ጠጣር ሳለ እውነት ነው፤ ብናኝ ሲሆን ግን ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል። ሌላው ስህተት ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ ነው። ሰበቃው ዝቅተኛ መሆኑና አለመፋቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቴፍሎን የሚያሟልጠው ሽፋኑ በቀላሉ ስለሚገፈፍ ነው፤ የሚያሟልጭበት ምክንያት ራሱ የሚያልቅበት ምክንያት ነው።

ቻርንሊ ምን አደረገ? ሕሙማኑን እየጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ፣ እየከፈተ የተበላውን ያወጣ ጀመር። እያንዳንዱ ቀዶ የራሱን ስህተት እንደገና መክፈት ነው። ጥፋቱን በሕሙማኑ ክብደት ወይም በፋብሪካው ላይ ማላከክ አያቅተውም ነበር፤ አላደረገውም። ያወጣቸውን ጎድጓዳዎች ለካ፣ የተፋቀውን መጠን አሰላ፣ ውድቀቱንም ለሙያ ባልደረቦቹ ይፋ አደረገ። ይህን ስናነብ ባለፈው ሴሚስተር የሰበቃ ላብራቶሪ ሪፖርት ስንጽፍ ከመስመሩ የወጡብንን ሁለት ነጥቦች በጸጥታ ሰርዘን ያስረከብንበት ቀን ትዝ አለን። ውጤቱ ጥሩ ነበር፣ ማንም አልጠየቀንም። እኛ የሰረዝነው ነጥብ ነው፤ እሱ ሊሰርዘው ይችል የነበረው ሰው ነበር።

ከቴፍሎን በኋላ በሌላ ማዕድን የተጠናከረ ቴፍሎንም ሞክሯል። በላብራቶሪው ማሽን ላይ ከተራው ቴፍሎን እጅግ የተሻለ ሆኖ ታየ። በሰው ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ፊተኛው ተፋቀ፤ ይባስ ብሎ ማጠናከሪያው እንደ ብርጭቆ ወረቀት የብረቱን ሉል መሞረድ ጀመረ። ማሽኑና ሰውነት አንድ አይደሉም።

በግንቦት 1962 አንድ የፕላስቲክ ሻጭ ወደ ራይቲንግተን መጣ። የያዘው በላንክሻየር የሽመና ማሽኖች ላይ ለጥርሳም ጎማዎች የሚያገለግል፣ ሞለኪውሉ እጅግ ረጅም የሆነ ፖሊኢትሊን ነው። የጥጥ ፋብሪካው አገር ያልነው ለዚህ ነው። ቻርንሊ ቁራጩን በጥፍሩ ጫረው፣ ተጫረለት፣ ናቀው፤ ክሬቨንንም ጊዜውን እንዳያባክን ነገረው። ክሬቨን ግን ዝም ብሎ ከመፋቂያ ማሽኑ ላይ አሰረው፤ አለቃው ለጉባኤ ወደ ኮፐንሃገን በሄደበት ጊዜ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ቻርንሊ ሲመለስ ውጤቱን አየ። አዲሱ ፕላስቲክ በሦስት ሳምንት የተፋቀው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚፋቀው ያነሰ ነበር። የታዘዘውን ባለመፈጸሙ መቆጣት ይችል ነበር፤ ቁጥሩን አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። በእኛ ዘንድ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ክሬቨንን የምንወደው ሳይሻል አይቀርም።

ቁጥሩ ብቻ ግን አሁን አላጠገበውም፤ በቴፍሎን ተቃጥሏል። የሁለቱንም ፕላስቲኮች ደቃቅ ብናኝ በገዛ ጭኑ ሥጋ ውስጥ አስገባ። ወራት ጠበቀ። ቴፍሎኑ የገባበት ቦታ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ሆኖ ቀረ፤ ፖሊኢትሊኑ የገባበት ምንም አልታየበትም። ይህን በ1963 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት በአጭር ደብዳቤ አሳወቀ። የመጀመሪያውን የፖሊኢትሊን ጎድጓዳ ሰው ላይ የተከለው በኖቬምበር 1962 ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የትዕግሥት ዘመን ነው። ቀዶ ሐኪሞች ሁሉ መሣሪያውን ሸጡልን ብለው ሲወተውቱት ለዓመታት ከለከለ። ራይቲንግተን ድረስ መጥቶ አሠራሩን ያልተማረ እንዳያገኘው አደረገ፣ ፋብሪካውም በፈቃዱ ብቻ ይሸጥ ነበር። ብዙዎች ትዕቢት አሉት። ሦስት መቶውን የቴፍሎን ሰዎች ላስታወሰ ግን ትዕቢት አይመስልም። ሕሙማኑንም አንድ ያልተለመደ ነገር ለመናቸው፤ ሲሞቱ ዳሌያቸው ወጥቶ ለጥናት እንዲመለስለት። ብዙዎቹ ፈቀዱ። አንድ ቁስ በሰው ውስጥ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ኢንፌክሽኑም ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሕሙማን ወደ ሰባቱ ቁስላቸው ይመረቅዝ ነበር። ቻርንሊ ምንጩ አየሩ ነው ብሎ ጠረጠረ። የአየር ማጣሪያ ይሠራ ከነበረው ከሃዋርዝ ጋር ሆኖ ቀዶ ክፍሉ ውስጥ እንደ ትንሽ የመስታወት ቤት ያለ ክፍል ሠራ፤ የተጣራ አየር ከላይ ወደ ታች ይፈስበታል። ሐኪሞቹን ትንፋሻቸው እንኳ በቱቦ የሚሳብበት ልብስ አለበሳቸው። ሌሎች ሳቁበት። የኢንፌክሽኑ ቁጥር ግን ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ።

ጉልበቱስ? ወደ አባቶቻችን ወንበር እንመለስ። ቻርንሊ ስሙ የሚነሳው በዳሌ ነው፤ የዛሬው የጉልበት ሕክምና ግን መንገዱ በእሱ ግቢ አልፏል። ፍራንክ ጋንስተን የሚባል ካናዳዊ፣ ሕክምና ከመማሩ በፊት ኢንጂነር የነበረ ሰው፣ ራይቲንግተን መጥቶ ሲሠራ የአለቃውን ብረት፣ ፖሊኢትሊንና ሲሚንቶ ወደ ጉልበት ወሰደው። ጉልበት እንደ ዳሌ ሉልና ጎድጓዳ አይደለም፤ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል፣ ይዞራልም። ጋንስተን ይህን የሚከተል መጋጠሚያ በ1968 ተክሎ በ1971 ጽሑፉን አወጣ። በ1974 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ የጉልበቱን ገጽ በሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት ጀመሩ፤ ዛሬ የሚተከሉት በአብዛኛው የዚያ ዘር ናቸው። የጭኑ ጫፍ በኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ ይሸፈናል፣ ከታች ቅልጥሙ ላይ የብረት መደብ ይቀመጣል፣ መካከሉ ላይ ፖሊኢትሊን።

የቁሶቹ ነገር በጉልበት ላይ ይበልጥ ይፈትናል። የሚነካካው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ፕላስቲኩ በዳሌ ላይ በቀስታ ሲፋቅ በጉልበት ላይ ከሥር ተሰንጥቆ እንደ ቅርፊት ሊላጥ ይችላል። ቲታኒየም ቀላል ነው፣ ለአጥንትም ተስማሚ ነው፤ ከታች መደብ ሆኖ በደንብ ያገለግላል። የሚንሸራተተው ገጽ ሲደረግ ግን በቀላሉ ይጫራል፣ ጥቁር ብናኝ ይለቃል፤ ስለዚህ ለዚያ ሥራ ተተወ። ብረት የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ከፖሊኢትሊን የተሠራ የታችኛው ክፍል ደግሞ ርካሽ ነው ተብሎ ቢናቅም በረጅም ጊዜ ክትትል ከውዱ ሳያንስ ተገኝቷል።

ፖሊኢትሊንም ፍጹም አልነበረም። ቻርንሊ ከሞተ በኋላ ነው በደንብ የታወቀው፤ የእሱም ብናኝ፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም፣ የሰውነትን ሕዋሳት ቀስቅሶ አጥንት ያስበላል። ጥፋቱ መጀመሪያ ለሲሚንቶው ነበር የተሰጠው። ፕላስቲኩን አየር ባለበት በጋማ ጨረር ማምከን እንደሚያዝገውም ቆይቶ ተደረሰበት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩበት ዓይነት መጣ። ይህ በዳሌ ላይ መፋቁን በግልጽ ቀንሷል፤ በጉልበት ላይ ያለው ጥቅም ያን ያህል አልጎላም። ፕላስቲኩን ትቶ ብረት በብረት ላይ ያደረገው ፋሽን ደግሞ የብረት ብናኝ በሥጋ ውስጥ እየለቀቀ ከተዋወቀ በኋላ በ2010 በሰፊው ከገበያ ተሰበሰበ። የቴፍሎን ታሪክ ልብስ ቀይሮ እንደመጣ ቁጠሩት።

ቁጥሮቹን ለሚፈልግ፦ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ከ1969 ጀምሮ የተተከሉ 2,000 የቻርንሊ ዳሌዎች ተከታትለው ሲታዩ ከ25 ዓመት በኋላ ከአምስቱ አራቱ ገደማ አልተቀየሩም ነበር። ስለ ጉልበት በ2019 በአገር አቀፍ መዝገቦች ላይ ተመሥርቶ የወጣው ጥናት ሙሉ የጉልበት ምትክ ከመቶ 82ቱ 25 ዓመት እንደሚቆዩ አሳይቷል። ቆየ ማለት ግን እንደ ልብ ታጠፈ ማለት አይደለም። የተተካ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ለወንበር ይበቃል፣ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ አይበቃም። ይበልጥ ይታጠፋሉ የተባሉ ንድፎች ወጥተው ነበር፤ ልዩነታቸው ትልቅ አልሆነም። ስለዚህ ጉልበታቸው የተተካላቸው አባትና እናት ብዙዎቹ ሕመሙ ለቋቸውም በወንበር መስገዱን ይቀጥላሉ። ይህ ጥያቄ ገና አልተፈታም፤ ከመካከላችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የጠፋበት ካለ ልብ ይበል።

ቻርንሊ በ1974 የላስከር ሽልማትን አገኘ፣ በ1975 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ ቀዶ ሐኪም እዚያ መግባቱ እምብዛም የማይታይ ነው። በ1977 ሰር ተባለ። ኦገስት 5 ቀን 1982 በ70 ዓመቱ ማንቸስተር ውስጥ ሞተ። ዳሌያቸውን ሲሞቱ ሊመልሱለት ቃል ከገቡት ሕሙማን ብዙዎቹ ከእሱ በኋላ ለዓመታት በእግራቸው ሄደዋል።